ሞተር በስም አይገዛም

ከአያት አደባባይ እስከ ጣፎ ባሉት ጋራዦች ሞተር መግዛት ያማረው ሰው የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው። «ሞተር በስም ነው የሚገዛው» ይሉታል። ስሙ የታወቀ፣ መለዋወጫው የማይጠፋ፣ ነገ ልሽጠው ብትል ዋጋው የማይወርድ ሞተር ምረጥ፤ የምታምነው መካኒክ ይዘህ ሂድ፤ አስነስቶ ድምፁን ያዳምጥልህ፤ ሊብሬው ንጹሕ ከሆነ ተዋዋል። ይህን የሚመክሩት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ከሞተር ጋር ያሳለፉ፣ እጃቸው ከግራሶ የማይለይ ባለሙያዎች ናቸው። በምክራቸው ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ነገር ጎድሏል። ገዢው ራሱ መቀመጫው ላይ ወጥቶ፣ ዘወትር በሚመላለስበት መንገድ፣ ከሚይዘው ጭነት ጋር ነድቶ ይየው የሚል ቃል የለበትም።

እኔ የምለው ያልነዱት ሞተር መገዛት የለበትም ነው። ስም፣ መለዋወጫና የድጋሚ ሽያጭ ዋጋ ምርጫውን ያጠብቡታል እንጂ አይጨርሱትም። የሚጨርሰው የገዢው ቁመት፣ የገዢው መንገድና የገዢው ሸክም ከሞተሩ ጋር ሲገናኙ የሚታየው ነው። «አድቬንቸር» ለሚባሉት፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም ተብለው ለተሠሩት ከፍ ያሉ ሞተሮች ሲሆን ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይከፋል፤ ምክንያቱም በእነሱ ላይ የሚሠራ ስህተት ዋጋውም ክብደቱም ትልቅ ነው።

ለዚህ ክርክር ከአያት የተሻለ ሰፈር አላውቅም። የከተማው ቀላል ባቡር የምሥራቅ መስመር እዚህ ያበቃል። ከዚህ ወዲያ የሚኖር ሰው ታክሲ ይሰለፋል፣ በእግሩ ያዘግማል፣ አለዚያም ሞተር ያስባል። በአንድ ወገን የሲኤምሲ ሰፊ አስፋልት አለ። በሌላው ወገን፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ኮብልስቶን ይቀጥላል፣ ከእሱ ቀጥሎ ፒስታ፣ ከፒስታው ቀጥሎ ደግሞ ክረምት ላይ ጫማ የሚያስቀር ዋልካ። ቅዳሜ ጠዋት ከአያት የተነሣ ሞተረኛ በለገጣፎ፣ በለገዳዲና በሰንዳፋ አድርጎ ደብረ ብርሃን ቁርሱን ሊበላ፣ ከሰዓት በኋላ አንኮበር ወይም ጣርማ በር ሊደርስ ይችላል። በአንድ ቀን ይህን ሁሉ የመንገድ ዓይነት የሚያይ ሰው አንድ ሞተር ለሁሉም እንዲሆንለት ቢመኝ አይፈረድበትም።

አድቬንቸር ሞተር የተፈጠረውም ለዚህ ምኞት ነው። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1980 አር 80 ጂ/ኤስ የተባለውን ሞተር ሲያወጣ ረጅም የአስፋልት ጉዞና የኮረኮንች መንገድ በአንድ ሞተር ሊሄዱ እንደሚችሉ አሳየ። ሆንዳ በ1988 አፍሪካ ትዊንን፣ ሮያል ኤንፊልድ በ2016 ሂማላያንን አመጡ። ሁሉም በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ እርስ በርሳቸው እጅግ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ባለ 411 ሲሲ ሂማላያን ክብደቱ 190 ኪሎን ትንሽ ያለፈ ነው፤ ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂ.ኤስ 249 ኪሎ ይመዝናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ኩንታል ያላነሰ ነው። የፊት ጎማቸው እንኳ አንድ አይደለም፤ ሂማላያንና አፍሪካ ትዊን ባለ 21 ኢንች ሲሆኑ ጂ.ኤሱ ባለ 19 ነው። ትልቁ ጎማ ድንጋይና ጉድጓድ በቀላሉ ይሻገራል፤ አስፋልት ላይ ቶሎ ለመታጠፍ ደግሞ ትንሹ ይቀላል። የትኛው ለማን ይሻላል የሚለውን ከሩቅ ሆኖ መመለስ የሚችል ሰው የለም።

የሞተርን ስም የሚገነባው በአብዛኛው ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተዋናዮቹ ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን ከስኮትላንድ እስከ ኬፕ ታውን በቢኤምደብሊው አር 1200 ጂ.ኤስ አድቬንቸር ሲጓዙ በአገራችንም አልፈዋል፤ ጉዟቸውም ተቀርጾ ተከታታይ ፊልም ሆኗል። ያንን ተከታታይ ፊልም ያየ ወጣት ሞተሩን ቢመኝ ምን ይገርማል? ነገር ግን ከሁለቱ ሰዎች ጀርባ ዕቃ የሚጭኑ መኪኖችና ሲቸገሩ የሚደርሱላቸው የጉዞ ባልደረቦች ነበሩ። የአያቱ ሞተረኛ ሰንዳፋን አልፎ ጭቃ ውስጥ ሲወድቅ የሚያነሣው ራሱ ነው። ሌላ ምሳሌ ልጥቀስ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ተነሥቶ አራት ዓመት በፈጀ ጉዞ ዓለምን ዞረ፤ ኢትዮጵያንም አቋርጧል። የነዳው 500 ሲሲ ትራያምፍ ነበር፣ ዛሬ አድቬንቸር ከሚባሉት ጎን የማይሰለፍ ተራ የአስፋልት ሞተር። ሁለቱን ጉዞዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው መንገድን የሚጨርሰው በታንከሩ ላይ የተለጠፈው ስም እንዳልሆነ ይገባዋል።

ስምን የሚከተል ገዢ ብሮሸርንም ያምናል። ብሮሸሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ስለ አያት ምንም አያውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ነዳጅ የሚቃጠለው በኦክስጅን ስለሆነ ኦክስጅኑ በሩብ ሲቀንስ የሞተሩም ጉልበት በሩብ ገደማ ይቀንሳል። በወረቀት 24 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሂማላያን እኛ ዘንድ ሲደርስ ወደ 18 ይወርዳል ማለት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ደግሞ 17 እንኳ አይሞላም። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ነዳጁን ከቀነሰው አየር ጋር ያመጣጥናል፤ የጠፋውን ኦክስጅን ግን አይመልሰውም። ካርቡራተር ያለውና ለቆላ የተስተካከለው ደግሞ ነዳጅ ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ዳገት ላይ ይታፈናል። አንድ ሰው ከኋላ አፈናጦ፣ ሁለት ሻንጣ ጭኖ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ይህ ሞተር ይበቃኛል ወይ የሚለውን ጥያቄ የትኛውም ብሮሸር አይመልስም። የሚመልሰው ዳገቱ ራሱ ነው።

ቁመትም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ሂማላያን መቀመጫ ከመሬት 800 ሚሊሜትር ነው፤ ባለ 1100 ሲሲው አፍሪካ ትዊን ከ850 እስከ 870 ይደርሳል። በወረቀት ላይ ሰባት ሴንቲሜትር ምንም አይመስልም። ተራ ቁመት ላለው ሰው ግን ሁለት እግር ሙሉ በሙሉ መሬት በመንካትና በጣት ጫፍ ብቻ በመቆም መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። አስፋልት ላይ በጣት ጫፍ መቆም ያስችላል። የአያት ኮብልስቶን ግን ውኃ እንዲወርድበት ወደ ዳር ያዘነበለ ነው፤ ሞተረኛው እግሩን የሚያሳርፍበት ወገን ዝቅ ብሎ ሲገኝ፣ ድንጋዩም በዝናብ ረጥቦ ሲያንሸራትት፣ ከ220 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር አንዴ ካዘነበለ በጉልበት አይመለስም። ሞተረኛ የሚወድቀው በፍጥነት ሲሄድ ብቻ አይደለም፤ ቆሞ ሲዞር፣ በር ላይ ሲያዞር፣ ሚኒባስ ፊቱ ድንገት ሲቆምበትም ነው። ይህን ቀድሞ ማወቅ የሚቻለው መቀመጫው ላይ ወጥቶ፣ ኮብልስቶኑ ላይ አቁሞ፣ ጠባብ ቦታ ላይ አዙሮ ሲያዩ ብቻ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚከበረው መከራከሪያ የመካኒኩ ጆሮ ነው። «መካኒክ ካዳመጠው ይበቃል» ይባላል። የጥሩ መካኒክን ጆሮ አልንቅም። ሞተሩ ማቆሚያው ላይ ቆሞ ሲነሣ የሚያንኳኳውን ቫልቭ፣ ሰማያዊውን የዘይት ጭስ ለይቶ ይነግራል። ግን ቆሞ የሚጮህ ሞተር ምስጢሩን በግማሽ ይደብቃል። ያለቀ ፍሪሲዮን ቆሞ ሲያዳምጡት ጤነኛ ነው፤ የሚታወቀው ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ እያጓራ ፍጥነቱ አልጨምር ሲል ነው። የተጣመመ ሻሲ ድምፅ የለውም፤ ቀጥ ባለ መንገድ መሪውን ላላ አድርገው ሲይዙት ሞተሩ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ይታወቃል። የተበላ የመሪ ኩሽኔታ በዝግታ ሲታጠፉ መሪው መሐል ላይ ሲቀረቀር ነው የሚገለጠው። የሞተው ሾክ አብዞርበር ኮረኮንች ላይ ሞተሩ አንዴ ዘሎ ሲያበቃ ሦስቴ አራቴ ሲወዛወዝ ነው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲያስገቡት የሚያመልጥ ማርሽም ጭነት ካልተሰማው አይናገርም። መካኒኩ ከመንዳቱ በፊትና ከነዱት በኋላ አስፈላጊ ነው፤ በመሐል ያለውን ግን ሊተካ አይችልም።

አንዳንዱ ነድቶ መግዛትን የፈረንጅ ወግ ያደርገዋል። እዚያ ድርጅቶቹ ሀብታም ናቸው፣ ለማንም ቁልፍ ይሰጣሉ፣ እኛ አገር ግን አልተለመደም ይላል። አልተለመደም የሚለው ቃል ትክክል አይደለም። በገበያ ቀን በቅሎ ሊገዛ የሄደ የገጠር ሰው ጥርሷን አይቶ ብቻ ገንዘብ አይቆጥርም። ልጓም አስገብቶ ይወጣባታል፣ ያስሮጣታል፣ ቁልቁለት ያወርዳታል፣ ስትደነብር ያያታል። ሻጩም ቅር አይለውም፤ ያልተጋለበች በቅሎ እንደማይገዛለት ያውቃል። ያ ሰው የሚያውቀውን ጥበብ የእሱ የልጅ ልጆች የሆንን የከተማ ሰዎች ሞተር ላይ ስንደርስ ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም። የጠፋው ልማዱ አይደለም፤ የጠፋው የመጠየቅ ድፍረት ነው። ብዙ ገዢ «ልንዳው» ማለት ሻጩን መጠርጠር ይመስለዋል፣ ያፍራል፣ ዝም ብሎ ይከፍላል።

የሻጩን ፍርሃት ግን በቁም ነገር እወስደዋለሁ። የማያውቁት ሰው ቁልፍ ተቀብሎ ቢጠፋስ? ሰው ቢገጭበትስ? ሞተሩን ቢጥለውስ? አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ፍርሃት ሥር አለው። በ2011 ዓ.ም የከተማው አስተዳደር በሞተር እየታገዙ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ምክንያት አድርጎ ሞተር ሳይክሎችን ከመንገድ አግዶ ነበር፤ በኋላም ፈቃድ ላላቸው ብቻ ፈቅዷል። ከዚያ ወዲህ ሞተረኛን በጥርጣሬ የማያይ ጥቂት ነው፤ ሞተረኛ ሞተረኛን እንኳ አያምንም። ሆኖም ለዚህ ፍርሃት መድኃኒቱ ከልካይነት አይደለም። መድኃኒቱ እኛ ዘንድ የቆየ ነው፤ ዋስ። ገዢው መንጃ ፈቃዱንና መታወቂያውን ያስቀምጥ፤ የሚታወቅ ሰው ይዋሰው፤ ቀብድ ያስይዝ፤ ቢጥለው ሊያሠራ በሁለት ምስክር ፊት ይፈርም። ሻጩ ወይም የሻጩ ሰው በሌላ ሞተር አጠገቡ ይሂድ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስለሆነ መድን የሌለው ሞተር ለሙከራም መንገድ ላይ መውጣት የለበትም፤ ገዢውም ቁልፍ ከመቀበሉ በፊት መድኑን፣ ሰሌዳውንና የመንቀሳቀሻ ፈቃዱን ማየት አለበት። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ሞተሩን አላስነዳም የሚል ሻጭ ካለ፣ የሚፈራው ሌባን ሳይሆን ሞተሩ ሲነዳ የሚናገረውን ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

አዲስ ሞተር የሚሸጡ ድርጅቶች የሚያነሡት ምክንያት ሌላ ነው። «ዜሮ ኪሎሜትር የሆነ ዕቃ ካስነዳን አዲስነቱ ይጠፋል» ይላሉ። ለአንዱ ሞተር እውነት ነው፤ ለድርጅቱ ግን አይደለም። ከሚያስመጧቸው መካከል ከየዓይነቱ አንዱን ለሙከራ መድቦ፣ ሰሌዳና መድን አስወጥቶ ማቆየት ማንንም አያከስርም። በሌላው ዓለም ትልልቆቹ አምራቾች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ላለው ደንበኛ የሙከራ ሞተር ያቀርባሉ፣ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ በቅናሽ ይሸጡታል። አያት ወይም ሲኤምሲ ላይ ያለ ድርጅት ይህን ቢጀምር ደንበኛው ከሻሸመኔም ከባሕር ዳርም ይመጣ ነበር። መስታወት ውስጥ የተደረደረ ሞተር ቀለሙን ያሳያል እንጂ ጠባዩን አያሳይም።

የእኔን ወገን በእርግጥ የሚፈትነው አንድ ተቃውሞ ብቻ ነው። ሙከራ ራሱ ያታልላል የሚለው። እውነት አለው። ኃይለኛ ሞተር ላይ ወጥቶ አስር ደቂቃ የነዳ ሰው ልቡ ይሰረቃል። ነዳጁን ሲሰጠው ሲያስፈነጥረው፣ መስታወቱ ውስጥ መኪኖቹ ሲያንሱ፣ ስለ ቁመቱም ስለ ቤንዚኑም ይረሳል። ትንሹና ለእሱ የሚስማማው ሞተር በአስር ደቂቃ ውስጥ ሰነፍ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ በሙከራ ላይ ሳይሆን በአጭር ሙከራ ላይ የሚቀርብ ክስ ነው። መልሱ ሙከራን መተው አይደለም፤ ሙከራን ሙሉ ማድረግ ነው። የመቀመጫ ሕመም የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። የሞተሩ ግለት ጭን የሚያቃጥለው ሲኤምሲ ላይ ትራፊክ ሲዘጋ ነው። የነፋሱ ግፊት አንገት የሚያደክመው ከለገዳዲ ወዲያ ሜዳው ሲከፈት ነው። እነዚህ ሁሉ በአስር ደቂቃ አይታዩም፤ በአንድ ሰዓት ግን ይታያሉ።

ስለዚህ ሙከራው እቅድ ይኑረው። ከአያት ለሚነሣ ሰው መንገዱ በተፈጥሮ የተዘጋጀ ይመስላል። ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው አስቀድመው ይንገሩት፤ ሲደርሱ ሞተሩን በእጅ ዳስሰው ይዩት፤ ሞቅ ካለ ችግር ተደብቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛው ሞተር እንዴት እንደሚነሣ ካዩ በኋላ ኮብልስቶኑ ላይ በእግር እርምጃ ፍጥነት ይንዱት፤ በግራም በቀኝም ያዙሩት፤ አቁመው እንደገና ያስነሡት። ከዚያ ወደ ጣፎና ለገጣፎ የሚወስደውን አስፋልት ይያዙ፤ ማርሾቹን በሙሉ ያስገቡ፤ ቀጥ ባለ ቦታ የኋላውን ተሽከርካሪ አይተው ፍሬኑን አጥብቀው ይያዙ። ከአስፋልቱ ወደ አንዱ ፒስታ ይግቡ፤ ቆመው ይንዱ፤ ጉልበትዎ ታንከሩን ይዞ፣ መሪው ሳያጎነብስዎ መቆም ከቻሉ ሞተሩ በቁመትዎ ነው። ኤቢኤስ ካለው የኋላው መጥፋት ይችል እንደሆን ይጠይቁ፤ በልቅ ኮረኮንች ቁልቁለት ላይ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚለቅቅ ፍሬን ለማቆም ይዘገያል። በመጨረሻም የሚያፈናጡትን ሰው አፈናጠው፣ የሚጭኑትን ጭነው አንድ ዳገት ይውጡ።

በክረምት የሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው፤ ዋልካው። ከአያት ወዲያ ወደ ሰንዳፋ ያለው መሬት ጥቁር አፈር ነው። ይህ ጭቃ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ይወጣና ዝቅ ብሎ በተገጠመ የፊት ፓራፋንጎ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ ጎማው አልዞር ይላል፤ ሞተረኛው ወርዶ በእንጨት ይጭራል፣ እንደገና ሃምሳ ሜትር ይሄዳል። ከጎማው ከፍ ብሎ የተገጠመ ፓራፋንጎ ያለው ሞተር ያንኑ ጭቃ እየተፋ ያልፋል። አድቬንቸር ተብለው ከሚሸጡት መካከል ብዙዎቹ ከላይ እንደ ምንቃር የወጣ ጌጥ ያላቸው፣ ከሥሩ ግን ከጎማው ጋር የተጣበቀ ዝቅተኛ ፓራፋንጎ የተገጠመላቸው ናቸው። ይህን ልዩነት ፎቶ አያሳይም፤ ስምም አይነግርም። አንድ መቶ ሜትር የዋልካ መንገድ ግን ያለ ክርክር ይወስነዋል።

«ገበያው ላይ ያለው ሁለት ሦስት ዓይነት ነው፤ ምርጫ በሌለበት ሙከራ ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። እኔ ደግሞ ሙከራ ይበልጥ የሚያስፈልገው ምርጫ በጠበበበት ገበያ ነው እላለሁ። ሞተር በቀላሉ በሚለወጥበት አገር የተሳሳተ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሸጦ ሌላ ይይዛል። እኛ ዘንድ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ንሯል፤ ሞተር የገዛ ሰው ለዓመታት አብሮት ይኖራል። የማይስማማውን የገዛ ሰው ወይ እየፈራው ይነዳል፣ ወይ ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሶት ያቆመዋል፣ ወይ ይወድቅበታል። መለዋወጫ ይገኝ አይገኝ ብሎ መጠየቅ ትክክል ነው፤ የመጀመሪያው ወንፊት እሱ ይሁን። ወንፊቱን ካለፉት ሁለት ሦስት ሞተሮች መካከል ግን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሙከራው ነው። በምርጫ ማነስ ምክንያት አንድ ሞተር ብቻ ቢቀር እንኳ «አልገዛም፣ ልጠብቅ» ማለት ራሱ ምርጫ ነው፤ ያንን ለማለትም መንዳት ያስፈልጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ የግል ገዢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሆንዳ ኤክስ ኤል 125 እና የያማሃ የገጠር ሞተሮች ለዓመታት የወረዳ ባለሙያዎችን፣ የእርዳታ ድርጅቶችን ሠራተኞች፣ የእርሻና የጤና ክትትል ሰዎችን ተሸክመው ኮረኮንች የወጡ ናቸው። ጠንካራ ሞተሮች ናቸው። ሲገዙ ግን በጨረታ ሰነድ ላይ የሚሠፍረው ሲሲና ዋጋ ነው፤ የሚነዳው ሰው አይጠየቅም። አንዲት አጭር ባለሙያ ረጅም ሞተር ሲሰጣት እግሯ መሬት ሳይደርስ ቁልቁለት ትወርዳለች። ስትወድቅ «መንዳት አልቻለችም» ይባላል። መንዳት ትችላለች፤ ያልቻለችው ለሌላ ሰው ቁመት የተመረጠ ሞተር ነው። መሥሪያ ቤቶች በጅምላ ከመግዛታቸው በፊት ሁለት ሦስት ዓይነት አስመጥተው የሚነዱት ሰዎች በሚነዱበት ወረዳ እንዲሞክሩ ቢያደርጉ፣ ለጥገናና ለሕክምና የሚወጣው ብር ይቀንስ ነበር። ዛሬ ወደ ከተማችን በብዛት እየገቡ ባሉት የኤሌክትሪክ ሞተሮችም ላይ ጥያቄው ያው ነው። በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎሜትር ይሄዳል የሚለው ቁጥር በሜዳ፣ በአንድ ሰው፣ በለስላሳ ፍጥነት የተለካ ሊሆን ይችላል። ዕቃ ጭኖ ከአያት እስከ መገናኛ ሲመላለስ የሚውል አድራሽ ባትሪው የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅ የሚገባው ከከፈለ በኋላ አይደለም።

ሕጉም ከእኔ ወገን ነው። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ጉድለት የሌለበት ዕቃ የማስረከብ ኃላፊነት አለበት ይላል፤ በዚያው አንጻር ገዢ የተረከበውን ዕቃ ዕድል እንዳገኘ ወዲያው እንዲመረምር ያዝዛል። ገዢው የሚያውቀውን ወይም በግልጽ የሚታይን ጉድለት ግን ኋላ ተነሥቶ ሻጩን ልጠይቅ ቢል ዋስትናው አይሠራለትም። የፍርድ ቤት ደጅ መጥናት የማይፈልግ ሰው ምርመራውን ከፊርማው በፊት ያደርጋል፤ ለሞተር ደግሞ ከመንዳት የበለጠ ምርመራ የለም። በውሉ ላይ «ነድቼ አይቼዋለሁ፤ በሚከተለው ሁኔታ ተረክቤዋለሁ» ተብሎ ቢጻፍ ለሻጩም ለገዢውም ይበጃል። ሻጩ ነገ «ያኔ አልነበረም» ከሚል ክርክር ይድናል፤ ገዢውም ያልታየ ጉድለት ሲወጣ የሚይዘው ነገር ይኖረዋል።

መኪና ሲበላሽ ዳር ይዞ ይቆማል፤ ሞተር ሲበላሽ ወይም ከነጂው አቅም በላይ ሲሆን ነጂውን ይጥላል። በበር በጣሪያ የተከለለ የለም፤ በሰውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ሄልሜትና ልብስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመምረጥ ሰው የሚታመነው በራሱ እጅ፣ በራሱ እግርና በራሱ መንገድ ሊሆን ይገባል። ለውጡ የሚጀምረውም ከገዢው ነው። ሻጮች ዛሬ ቁልፍ የማይሰጡት የሚጠይቃቸው ስለሌለ ነው፤ ሳያስነዱም ይሸጣሉና። አንድ ገዢ ዋሱን ይዞ፣ ቀብዱን አስይዞ፣ «ካልነዳሁት አልገዛም» ብሎ ሲሄድ ሻጩ አንድ ደንበኛ ያጣል። አስሩ እንዲሁ ሲሉ ግን ቁልፉን ማውጣት ይጀምራል፤ መቶው ሲሉ የሙከራ ሞተር ያቆማል። በሁለት ጎማ ላይ ነፍሱን የሚያኖር ሰው ከመክፈሉ በፊት የመንዳት መብት አለው፤ ይህን መብት የሚጠይቅ ገዢ ሲበዛ የሚነፍግ ሻጭ ገበያ ያጣል።